ጥቅሱ ይስተካከል

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድም ጥቅስ የለም። አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ሲጠብቅ እንዳይቸገር ብዬ ነው። የጥቅሰኛ ልጅ ነኝ፤ ከአንድ ጥቅሰኛ ጋር አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ የሰው ቃል ተውሼ አንዲት አንቀጽ እንኳ ማሳመር አልፈልግም፤ መሮኛል። የምጽፈው ስለ ቃሉ ስለራሱና ቤታችን ውስጥ ስላደረገው ነገር ነው።

ትምህርት ቤት ሳለን ጥቅስ ማለት ከሌላ ሰው ንግግር ወይም ከመጽሐፍ ተቆንጥሮ የተወሰደ ቃል ነው ተብለን ተምረናል። በከተማው አነጋገር ግን አጠር ብሎ፣ ምክር አዝሎ፣ ግድግዳ ላይም ሆነ ታክሲ ውስጥ የሚለጠፍ ሁሉ ጥቅስ ነው፤ ማን እንዳለው የሚጠይቅ የለም። ፍርድ ቤት አካባቢ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። እዚያ ጥቅስ ማለት ማመልከቻው ላይ የሚጠራ የሕግ አንቀጽ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ግሱ ነው፤ ጠቀሰ። በዓይን ይጠቀሳል፣ በጣት ይጠቀሳል፣ ስም ይጠቀሳል። ሁሉም ነካ አድርጎ መመለስ ነው። የጠቀሰህ ሰው አልያዘህም፤ ዞር ስትል ወደ ሌላ ቦታ እያየ ታገኘዋለህ። አባቴ እንደዚያ ነበር የሚያናግረኝ።

አባቴ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ልደታ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ላስቲክ ወጥረው ከተደረደሩት ጸሐፊዎች መካከል ከበሩ አራተኛው እሱ ነው። ያለው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ለባለጉዳይ ደግሞ አንድ በርጩማ ነው። ባለጉዳዩ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ብሶቱን ሲዘረግፍ አባቴ ጣቶቹን ፊደሎቹ ላይ አሳርፎ ዝም ብሎ ይሰማል። የሌሎቹ ጸሐፊዎች ማመልከቻ በቀጥታ «ከሳሽ»፣ «ተከሳሽ» ብሎ ሲጀምር፣ በአባቴ ማመልከቻ ላይ ግን ከላይ መሀል ላይ፣ ከሥሩ ተሰምሮበት፣ አንድ ጥቅስ ይቀድማል። ለቦታ ክርክር ስለ መሬት፣ ለቀለብ ስለ ልጅ፣ ለውርስ ስለ ወንድማማች። ባለጉዳዮቹ ይወዱለት ነበር። «እኚህ ሰውዬ የልቤን ጻፉልኝ» እያሉ ይመርቁታል። እውነቱን ለመናገር የእነሱን ልብ አልነበረም የጻፈላቸው፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ ልብ ነበር።

እናቴ የሞተችው አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ነው። ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ከልደታ ማርያም ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤታችን ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንቀር «አባዬ፣ አሁን ፀጉሬን ማን ያበጥረኛል?» ብዬ ጠየቅሁት። ስለ ሞት የሚናገር ጥቅስ ነገረኝ። በማግሥቱ ጠዋት ማበጠሪያውን ይዞ መጣና ራሱ ሠራኝ፤ አንዱ ጉንጉን ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ሆኖ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሲሠራኝ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ የምፈልገው «እኔ አለሁልሽ» እንዲለኝ ብቻ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ታይፕ ተማርኩና አጠገቡ ሁለተኛ ጠረጴዛ ዘረጋሁ። ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን እንጽፋለን። የእሱ መኪና ሲቆም የእኔ ይቀጥላል፣ የእኔ ሲቆም የእሱ ይቀጥላል። አላፊ አግዳሚው የሚያወራ አባትና ልጅ ይመስለው ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ የመጣው በአንዲት የውርስ ማመልከቻ ምክንያት ነው። አንዲት ባልቴት አባቴን ያጽፉታል፤ ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ይመለሳል። ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጥቅሱ ይስተካከል» የሚል ተጽፎበታል። አባቴ አነበበው፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ እንደገና አነበበው። ከዚያ ከላይ ያለውን ጥቅስ አውጥቶ ሌላ ጥቅስ አስገባ፣ ሙሉውን እንደ አዲስ ጽፎ ላከው። ተመለሰ። አሁንም «ጥቅሱ ይስተካከል»። አባቴ ሲናደድ አይቼው አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ጆሮው ቀላ። «የቀድሞው ከበዳቸው፣ ይኸኛው ቀለላቸው» አለና ምሳውን ሳይበላ ሲያስብ ውሎ ሦስተኛ ጥቅስ አወጣ። ሦስተኛውም ሲመለስ ከማመልከቻው ጋር አንድ ቀጠን ያለ ወጣት ከመዝገብ ቤት ራሱ ወጥቶ መጣ። በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሌሎቹ ጸሐፊዎች እንዳይሰሙ እየተጠነቀቀ፦

«ጋሼ፣ ከላይ ያሉት ሦስቱም ቆንጆ ናቸው። ይስተካከል የተባለው ከታች የጠቀሱት አንቀጽ ነው። ቁጥሩ ተሳስቷል።»

እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ወጣቱም ሳቀ። አባቴ ግን አንቀጹን አስተካክሎ፣ ሦስተኛውን ጥቅስ እንዳለ ትቶ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ አክብሮ ሰጠው።

ከዚያ በኋላ ያ ልጅ በምሳ ሰዓት በአጥራችን በኩል ማለፍ አበዛ። እኔን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ሸኘት ማድረግ ጀመረ። መልኩ አይደለም የማረከኝ፤ አነጋገሩ ነው። ሲርበው «ርቦኛል» ይላል። አለቃው ሲቆጣው «ዛሬ ከፍቶኛል» ይላል። አንድ ቀን በመሀል ቆም ብሎ «ትላንት ስላላየሁሽ ናፍቀሽኝ ነበር» አለኝ። እንዲህ እንደሚባል አላውቅም ነበር። ማለቴ፣ ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ማንንም ሳይጠቅስ፣ ከራሱ አፍ አውጥቶ እንደሚለው ነው ያላወቅኩት። ቤት ገብቼ ለብቻዬ ደጋግሜ አልኩት።

ዓመት ከመንፈቅ እንደዚህ ሆነን ድሬዳዋ ተዛወረ። «አብረን እንሂድ» አለኝ። «ግን ሽማግሌ ከመላኬ በፊት የአባትሽን ልብ እወቂልኝ። ሽማግሌዎቼ አፍረው እንዲመለሱ አልፈልግም።»

እሁድን መረጥኩ። አባቴ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የጽሕፈት መኪናውን ፊደሎች በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በነጭ ጋዝ ያጸዳል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ልጁን ያውቀዋል፣ አልደነገጠም። «አባዬ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር? አንተ የምትለኝን ነው የማደርገው» አልኩት። የምሬን ነበር። ሂጂ ቢለኝ ልሄድ፣ ቅሪ ቢለኝ ልቀር ቆርጬ ነበር የተቀመጥኩት። ከሁለቱ አንዷን ቃል ብቻ ነበር ከእሱ የፈለግኩት።

አንዲት ፊደል ብዙ ፈተገ። ከዚያ ቀና ሳይል አንድ ጥቅስ ተናገረ።

ቃሉን እዚህ አልደግመውም። አራት ቃል ነበር፤ ስለ እንሰትና ስለ መነቀል። እንደ ጥቅስ ደንብ ዋናውን ነገር ሳይናገር ያበቃል፣ የቀረውን ሰሚው ይሙላው ዓይነት። እኔ ደግሞ የልደታ ልጅ ነኝ። እንሰትን የማውቃት ቆጮ ሆና ሳህን ላይ ስትቀርብ ነው። የተነቀለ ነገር እንደሚደርቅ ለማወቅ ግን ገበሬ መሆን አያስፈልግም። አባቴ «ከሥርሽ ከተነቀልሽ ትደርቂያለሽ» አለኝ። እንዲህ ነው የሰማሁት። ሌላ ምን ልሰማ እችል ነበር?

ማርያም ግቢ ገብቼ አንድ ዛፍ ሥር አለቀስኩ። ማግሥቱን ለልጁ ነገርኩት። «ቃል በቃል ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ደገምኩለት። እሱም የሰሜን ሰው ነው፣ የእንሰትን ነገር ከየት ያውቃል? ትንሽ አስቦ «ግልጽ ነው» አለ። ሽማግሌ አልላከም። ከድሬዳዋ ሁለት ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ቤቱ ጠባብ እንደሆነ፣ ሙቀቱ እንቅልፍ እንደሚነሳው፣ እንዳልረሳኝ። መልስ ልጽፍ ተቀምጬ ምን እንደምል ጠፋኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ብሶት ስጽፍ የምውል ሰው የራሴን አንድ መስመር ማውጣት አቃተኝ። በመጨረሻ አንድ ጥቅስ ጽፌ ላክሁለት። ከዚያ በኋላ አልጻፈም፤ አልፈረድኩበትም።

የመቅረቴን ነገር ለአባቴ በአፌ አልነገርኩትም። ልጁ ሄደ፣ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረሁ፣ አየ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተለወጠ። ዓይኔን ማየት ተወ። ጠዋት ዳቦ የሚገዛው እሱ ሆነ፣ ጫማዬ ሲቀደድ ሳልነግረው ሊስትሮው ጋ ወስዶ ያሰፋልኛል፣ ግን ስናወራ እጄን ወይም ግድግዳውን ነው የሚያየው። ከጎኑ ልቀር ብዬ ሕይወቴን ትቼ፣ ጭራሽ እንደ ዕዳ ይቆጥረኛል ብዬ አሰብኩ። ተናደድኩበት። ንዴቱ ሲበርድ ደግሞ ብቸኝነቱ መጣ፤ እሱ የባሰ ነው። ንዴት ቢያንስ የምታፈጥጥበት ሰው አለው።

ኮምፒውተር ሲመጣ የአጥር ሥሩ ሥራ ሞተ። ከፍርድ ቤቱ ማዶ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፈትኩ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ገበያ መጣ፤ የታክሲ ጥቅስ። ሹፌርና ወያላ እየተጋፉ ይገባሉ። አባቴ ጥጉ ላይ ወንበር አውጥቶ ስለሚውል ወዲያው ደረሱበት።

«ጋሼ፣ መስኮት ዝጉ፣ ክፈቱ እያሉ ለሚነታረኩ ተሳፋሪዎች የሚሆን አንድ አራዳ ጥቅስ ይስጡን እስቲ።»

አባቴ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያስብና ይናገራል፤ እኔ በትልልቅ ፊደል አወጣለሁ፤ እነሱ እየሳቁ ይዘው ይወጣሉ። በዚያ ዘመን ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ብዙ ጊዜ የአባቴን ቃል አነባለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አንብባ ራሷን ነቀነቀችና «እውነቱን ነው፣ እኔን ነው ያለው» አለችኝ። አባቴ ነው የጻፈው ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለማታውቀው ሴት የሚሆን ቃል ነበረው። ቤት ስገባ ቴሌቪዥን ከፍቶ «መጣሽ?» ይለኛል፣ «መጣሁ» እለዋለሁ፣ የቀኑ ወሬያችን እሷው ናት።

ቀጥሎ ሰፈሩ ፈረሰ። እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሰን። ጎረቤቶቻችን የወሎ ሙስሊሞች ናቸው፤ ደግ ሰዎች፣ በበዓላቸው ሳህን ሞልተው ያንኳኳሉ፣ በበዓላችን እኛም ሞልተን እንመልሳለን። ግን በር ይዘጋል። አሮጌው ሰፈር ሳለን ሰው አባቴን ጥቅስ እየጠየቀው ያልፍ ነበር፤ እዚህ ጉልበቱ ደረጃውን እንቢ አለውና በረንዳው ላይ መዋል ጀመረ። ሱቅ ውዬ ስመለስ ከታች ሆኜ ቀና ስል ጭንቅላቱ ይታየኛል። እጄን አነሳለሁ። እጁን ያነሳል። ቤት ስገባ ግን ግድግዳውን ነው የሚያየው።

አርባኛ ዓመቴ ላይ፣ ጥር ወር፣ የአባቴ ታናሽ እህት ልጇን ዳረች። አባቴ መሄድ ስላልቻለ በእሱ ፋንታ እኔ ወደ ተወለደበት ወደ ጉራጌ አገር ወረድኩ። ሙሽራዋ ከእኔ በአሥራ ሰባት ዓመት ታንሳለች። የመጀመሪያው ቀን ሴቶቹ «ያንቺስ መቼ ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዷ የሆነ ነገር ነገረቻቸው መሰል መጠየቅ አቆሙ። ማቆማቸው ባሰብኝ። ዳስ ሙሉ ሰው መሀል ተቀምጬ እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ሠርጉ አልፎ እንግዳው ሲሄድ አክስቴ ወደ ጓሮዋ ተመለሰች። እንሰቶቹ በየመጠናቸው በረድፍ በረድፍ ቆመዋል። እሷና አንዲት ጎረቤቷ አንዱን ረድፍ ከነሥሩ እየነቀሉ፣ ቅጠሉን እየቆረጡ፣ ራቅ ብሎ ወደተቆፈረ ጉድጓድ ይወስዳሉ። ደነገጥኩ።

«አክስቴ፣ ምን አጠፋች? አትደርቅም?»

አክስቴ ወገቧን ይዛ ሳቀች። «ምኗ ይደርቃል? ይቺ እኮ ሦስተኛ ቦታዋ ነው። ገና አንድ ይቀራታል። እንሰት ካልተነቀለች፣ ቦታ ካልተለወጠላት፣ እዚያው ትቀጭጫለች እንጂ አታድግም። አባትሽ አልነገረሽም? ልጅ ሆኖ በዚህ ሥራ ከሁላችን ቀልጣፋው እሱ ነበር።»

የነገረኝን ቃል አልኳት። አራቱንም ቃል።

«አዎና» አለች፣ አፈሯን ከእጇ እያራገፈች። «አባታችን እሱን አዲስ አበባ ሲልከው ያቺን ብሎ ነው የሸኘው። በሩ ላይ ቆሞ። ለሚሄድ ሰው ነው የምንላት። ለሚቀር ሰው ማን ይላታል?»

እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አክስቴ ፀሐይ የመታኝ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ።

በአውቶቡሱ መንገድ ሙሉ የምናገረውን ስደረድር መጣሁ። አሥራ ስድስት ዓመት። «ሂጂ» ነው ያለኝ። መርቆ ነው የሸኘኝ። እኔ ቅሪ የተባልኩ መስሎኝ ቀረሁ። ድሬዳዋ ያለውን ጠባብ ቤት፣ ሙቀቱን፣ ልወልዳቸው ይችሉ የነበሩትን ልጆች አሰብኩ። ከማን ጋር እንደምጣላ እንኳ አልለየልኝም፤ ከአባቴ ይሁን፣ ከራሴ ጆሮ ይሁን፣ ከዚያች አራት ቃል።

ስደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። በረንዳው ላይ ነው። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ፊቱ ቆምኩ።

«አባዬ፣ ያኔ ስጠይቅህ ሂጂ ነው ያልከኝ?»

የቱን እንደምለው አልጠየቀም። «አዎ» አለ።

«እኔ ቅሪ ያልከኝ መሰለኝ። እንሰት አላውቅም ነበር።»

«አውቄያለሁ። የቀረሽ ጊዜ፣ እንዳልገባሽ አወቅኩ።»

«ካወቅህ ለምን አልነገርከኝም? ለምን ሂጂ አላልከኝም? ሂጂ አንድ ቃል ናት!»

ጮኼ ነበር፤ የጎረቤቶቻችን በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። አባቴ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ሊል የነበረውን ከአነሳሱ አወቅኩት፤ አርባ ዓመት ሰምቼዋለሁ።

«ጥቅስ አልፈልግም» አልኩት። «የማንንም ቃል አልፈልግም። በራስህ አፍ ንገረኝ።»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«በራሴ አፍማ ቢሆን» አለ፣ «አትሂጂ ነበር የምልሽ። ሂጂ የሚለው ቃል ከእኔ አልወጣ አለ። ሞክሬ ነበር። ስለዚህ የአባቴን ቃል ተዋስኩ፤ እሱ ልጁን መሸኘት ይችል ነበር።»

ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ስትቀሪ ደስ አለኝ» አለ አባቴ። «እንዳልገባሽ እያወቅኩ ደስ አለኝ። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ዝም አልኩ፤ ልጁ እስኪሄድ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ዓይንሽን ማየት አፈርኩ።»

ይህን ሲል ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ። ለመቆጣት ነበር የመጣሁት፣ ተቆጥቻለሁም፤ አሁንም ሳስበው እቆጣለሁ። ግን በሕይወቴ የለመንኩትን ነገር፣ የራሱን ቃል፣ ያን ዕለት ሰጠኝ፤ የሰጠኝም በደሉን ሲነግረኝ ነው። ሌላውን ወንበር ከውስጥ አውጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።